የላቬንደር ዘይት እንቅልፍ ያመጣል? ከከተማዋ ዳርቻ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ወደ ዝግጅት ክፍላችን ከመጡት ደብዳቤዎች መካከል ብዙዎቹ ስለ እንቅልፍ የሚጠይቁ ሲሆኑ፣ ከእነዚህም ውስጥ በርከት ያሉት ከውጭ አገር በዘመድ እጅ የሚመጣውን ወይም በመዋቢያ መደብሮች የሚሸጠውን፣ ላቬንደር ከተባለ መልካም ሽታ ያለው አበባ የሚወጣውን ዘይት ያነሣሉ። ጠያቂዎቹ በአብዛኛው የአዲስ አበባ ዳርቻና በዙሪያዋ ያሉ ከተሞች ነዋሪዎች ናቸው። ደብዳቤዎቹን ሐሳባቸውን ሳንለቅ አሳጥረናቸዋል፤ ስም ግን አንጠቅስም።

ከቱሉ ዲምቱ

*ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲሆን መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ሰርቪስ እንዳያመልጠኝ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል መነሣት ግድ ይለኛል። ለዚህም ስል ከምሽቱ 3 ሰዓት አልጋ ላይ እወጣለሁ፤ እንቅልፍ ግን እስከ 6 ሰዓት ድረስ እምቢ ይለኛል። ማታ ከሥራ ስገባ ከጎረቤቶቼ ጋር ቡና የመጠጣት ልማድ አለን። ዱባይ ያለችው እህቴ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ የላቬንደር ዘይት ልካልኛለች፤ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ሁለት ጠብታ ሻይ ውስጥ ጨምሬ እንድጠጣ መክራኛለች። በእርግጥ ይጠቅማል? እንዴትስ ልጠቀምበት?*

እህታችን፣ መጀመሪያ የሻዩን ጉዳይ እንዝጋው፤ እባክዎ አይጠጡት። በዚያች ጠርሙስ ውስጥ ያለው ነገር እንደ ጦስኝ ሻይ ቅጠሉ ተዘፍዝፎ የወጣ ለስላሳ መጠጥ ሳይሆን፣ ብዙ አበባ በእንፋሎት ተነጥሮ የተገኘ እጅግ የተጠናከረ ፈሳሽ ነው። ከውኃ ጋር ስለማይዋሐድ ሻዩ ላይ ተንሳፍፎ ይቀርና ከንፈርን፣ አፍንና ጉሮሮን ሳይቀጥን ያገኛቸዋል፤ ሊያቃጥልም፣ ሆድ ሊረብሽም ይችላል። ምናልባት የባልደረባዎ ምክር መነሻ በጀርመን አገር በፋርማሲ የሚሸጠው የላቬንደር ዘይት እንክብል ይሆናል። ያ እንክብል 80 ሚሊ ግራም ዘይት የያዘ፣ ይዘቱና መጠኑ በመድኃኒት ደረጃ የሚቆጣጠሩት ምርት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ አንድ ጥናት ላይ 77 የጭንቀት ሕሙማን ተሳትፈው ለ6 ሳምንታት በአነስተኛ መጠን ከሚሰጠው ሎራዜፓም ከተባለ የጭንቀት መድኃኒት ጋር ሲነጻጸር፣ ጭንቀትን በመቀነስ ረገድ ተቀራራቢ ውጤት አሳይቷል። ይህ ማስረጃ ግን የእንክብሉ እንጂ ለማሽተት ተብሎ የተሸጠው የእርስዎ ጠርሙስ ማስረጃ አይደለም።

ስለ ሽታው የሚታወቀው ደግሞ እንዲህ ነው። የማሽተት ነርቭ መልእክቱን ስሜትንና ትዝታን ወደሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል የሚያደርሰው በአጭር መንገድ ነው፤ አንድ ሽታ ገና አፍንጫችን ሲገባ ስሜታችንን የሚቀይረውም በዚህ ምክንያት ነው። ከላቬንደር ዘይት ዋና ዋና ንጥረ ነገሮች አንዱ ሊናሎል ይባላል። የጃፓኑ የካጎሺማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ሊናሎልን ያሸተቱ አይጦች ፍርሃታቸው ሲቀንስ፣ የማሽተት ችሎታቸውን እንዲያጡ የተደረጉት ግን ምንም ለውጥ አላሳዩም። በሰዎች ላይ የተደረጉት ምርመራዎች በአብዛኛው ጥቂት ሰዎችን ያሳተፉና አጫጭር ናቸው። ከተሳታፊዎቹ ብዙዎቹ እንቅልፋቸው እንደተሻለ ይናገራሉ፤ ነገር ግን የላቬንደርን ሽታ ሽታ ከሌለው ውኃ መለየት ማንንም ስለማያዳግት፣ ከውጤቱ ምን ያህሉ የዘይቱ፣ ምን ያህሉ የተስፋው እንደሆነ ለመናገር ያስቸግራል። በእኔ ሚዛን፣ ዘይቱ የተወጠረ ሰውነትን ለማላላት ያግዛል፤ የሸሸ እንቅልፍን ግን ለብቻው ጎትቶ አያመጣም።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። መብራት ሲጠፋ ከሚቆመው የኤሌክትሪክ ማሽን ይልቅ አንድ የቡና ስኒ ማስቀመጫና ትንሽ ጥጥ ይበቃዎታል። ለመተኛት ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀርዎት ጥጡ ላይ ሁለት ጠብታ አድርገው ማስቀመጫው ላይ ያኑሩት፤ ከራስጌዎ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ትራስ ላይ በቀጥታ ማፍሰስ ጨርቁን ሊያበላሽ፣ የፊት ቆዳንም ሊያስቆጣ ስለሚችል አይመከርም። ሽታው ብዙ ሲሆን የበለጠ ያስተኛል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ራስ ምታት የሚጀምራቸው አሉ። አስም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ከእነአካቴው መተዉ ይሻላል። ዋናው ነገር በየምሽቱ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ስልክዎን ካስቀመጡና መብራቱን ካደበዘዙ በኋላ ብቻ መጠቀም ነው፤ ሰውነት ያን ሽታ ከመኝታ ጋር ማያያዝን ቀስ በቀስ ይለምዳልና።

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ፤ ደብዳቤዎን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው እዚያ ላይ ነበር። ካፌይን ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ግማሹ ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይወስድበታል። ከሥራ ገብተው 1 ሰዓት ተኩል ላይ አቦሉን ቢጠጡ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ገና ግማሹ ከእርስዎ ጋር ነው፤ ቶናውንና በረካውን ሳንቆጥር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት፣ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ከመኝታ 6 ሰዓት ቀደም ብሎ እንኳ ሲወሰድ የእንቅልፍን ርዝመት ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከጎረቤት ጋር መቀመጡን ተዪ የሚል ምክር ከኑሯችን ጋር አይሄድም፤ የእርስዎ ስኒ ግን ጦስኝ ወይም ሙቅ ወተት ሊሆን ይችላል። ቡናውን ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት መሥሪያ ቤት ይጠጡት።

ሌላው፣ እንቅልፍ ለማትረፍ ሲሉ አልጋ ላይ ቀድመው መውጣትዎ ነው። በ3 ሰዓት ተኝተው እስከ 6 ሰዓት ሲገላበጡ፣ አልጋው የሐሳብና የብስጭት ቦታ ሆኖ ይለመዳል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሪቻርድ ቡትዚን እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረበውና ዛሬም የእንቅልፍ ሕክምና መሠረት የሆነው ዘዴ፣ ሰው አልጋ ላይ መውጣት ያለበት እንቅልፉ ሲመጣ ብቻ እንደሆነ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠብቆ ካልመጣም ተነሥቶ በደብዛዛ ብርሃን ጸጥ ያለ ነገር እየሠራ መቆየት እንዳለበት ያስተምራል። እርስዎም ለጊዜው መኝታዎን ወደ 4 ሰዓት ተኩል ይግፉት፤ መነሻዎ ሳይለወጥ እንቅልፉ ቶሎ መምጣት ሲጀምር በየሳምንቱ ሩብ ሰዓት እያስቀደሙ ወደ 3 ሰዓት ተኩል ይመልሱት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ድካም ይበዛባቸዋል። ቅዳሜና እሑድም እስከ ረፋድ ከተኙ ግን የሳምንቱ ልፋት በሁለት ቀን ይፈርሳል።

ከሱሉልታ

*ልጄ፣ እንደምን ከረምክ? ዕድሜዬ 71 ነው። የሱሉልታን ብርድ ታውቀዋለህ፤ ማታ ማታ ባለቤቴ ከሰል አያይዛ መኝታ ቤት ታስገባለች፣ እጣንም ታጨሳለች። ልጃችን ያመጣችልንን የላቬንደር ዘይት ፍሙ ላይ ጠብ ብናደርገው እንቅልፍ ይሰጣል ብለው ነገሩን። እኔ 2 ሰዓት ላይ እተኛና 9 ሰዓት ሲሆን ዓይኔ ይፈጣል፤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም።*

አባታችን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን ከረሙ? ዘይቱን ፍም ላይ አያድርጉት። የላቬንደር ዘይት ወደ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ የሚወጣው እንፋሎት እሳት ሊይዝ የሚችል ሲሆን፣ የጋለ ከሰል ሙቀት ደግሞ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ነበልባል ባይነሣ እንኳ የሚያሸቱት የተቃጠለ ዘይት ጭስ እንጂ ላቬንደር አይሆንም። እጣን ሙጫ ስለሆነ ፍም ላይ ይችላል፤ ይህ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከዘይቱ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ከሰሉ ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ፣ መልክም ሽታም የሌለው መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ብዙ ሰው ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ፍም ከሆነ በኋላ ምንም አያደርግም ብሎ ያስባል፤ እውነቱ ግን ጭስ የሌለው ቀይ ፍምም፣ አመድ የለበሰውም ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም። ጋዙ በደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ የነቃ ሰው ራሱን ሲያመው፣ ሲያጥወለውለውና ጉልበቱ ሲከዳው ወጥቶ ሊያመልጥ ይችላል፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱ ሳይሰማው እዚያው ይቀራል። በክረምትና በጥቅምት ብርድ በከተማችን ዳርቻ በአንድ ቤት የተኙ ሰዎች በማግሥቱ ሞተው ተገኙ ሲባል የምንሰማው ብዙውን ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው። መልካም ሽታ ሲጨመርበት ደግሞ ክፍሉ ንጹሕ አየር ያለው ይመስልና ጥርጣሬን ያጠፋል። ስለዚህ እማማ እጣኑን በሳሎን፣ በርና መስኮቱ ተከፍቶ ያጭሱት፤ ከሰሉ ከመኝታ በፊት ከቤት ወጥቶ ደጅ ይደር።

ብርዱን ለመከላከልና እንቅልፍን ለመጥራት አንድ የቆየ ልማዳችንን ብመክርዎ ደስ ይለኛል፤ እርሱም እግርን በሙቅ ውኃ መታጠብ ነው። የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ እንዳወጡት፣ እጅና እግሩ የሞቀ ሰው እንቅልፍ ቶሎ ይወስደዋል፤ ምክንያቱም ደም ወደ እግርና እጅ ቆዳ ሲሄድ የውስጡ ሙቀት በዚያ በኩል ይወጣና ሰውነት ለእንቅልፍ ይዘጋጃል። ለመተኛት አንድ ሰዓት ሲቀር ሳፋው ውስጥ ለብ ከሚለው ትንሽ ሞቅ ያለ ውኃ ይጨመርና እግርዎ አሥር ደቂቃ ያህል ይቆይ። ስኳር ካለብዎ የእግርዎ ስሜት ደክሞ ሊሆን ስለሚችል፣ የውኃውን ሙቀት በእግርዎ ሳይሆን ሌላ ሰው በክርኑ ይለካልዎት። ላቬንደሩን እዚህ ላይ መጠቀም ይችላሉ፤ ሦስት ጠብታውን መጀመሪያ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ወይም የወይራ ዘይት ጋር ይቀላቅሉትና፣ እግርዎ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ባለቤትዎ ቁርጭምጭሚትዎንና ባትዎን ይሹልዎት። ውኃው ላይ በቀጥታ ጠብ ከተደረገ ሳይሟሟ ተንሳፍፎ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። የውስጥ እግርዎን ግን ዘይት አያስነኩት፤ በሲሚንቶ ወለል ላይ ዘይት የነካው እግር ያንሸራትታል፣ በእርስዎ ዕድሜ መውደቅ ደግሞ ከእንቅልፍ ማጣት የከፋ ጣጣ አለው። ከዚያ የሱፍ ካልሲና ጋቢ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት መንቃትዎን በተመለከተ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ 7 ሰዓት ነው፤ እርስዎ ዘንድ የጎደለ እንቅልፍ አላየሁም። የነቁበት ሰዓት ካልተስማማዎት መኝታዎን ወደ 3 ሰዓት ተኩል ይግፉት፣ ከምሳ በኋላ የሚያሸልቡም ከሆነ ከግማሽ ሰዓት አያሳልፉት። የሚያነቃዎት ሽንት ከሆነ ግን ለሐኪም ይንገሩ።

ከለገጣፎ

*የ7 ወር ልጄ ሌሊት ሌሊት ስለሚነቃ የላቬንደር ዘይት ትራሱ ላይ ላድርግለት? ደረቱንስ ብቀባው?*

ሁለቱንም አያድርጉ። የሕፃን የመተንፈሻ ቧንቧ ጠባብ፣ ቆዳውም ስስ ነው፤ ጠንካራ ሽታ ያፍነዋል፤ ፊቱን ያሸበት እጁ ዘይቱን ወደ ዓይኑና ወደ አፉ ሊወስደው ይችላል። በዚህ ዕድሜ ትራስ ራሱም አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2007 ሦስት ወንዶች ልጆች ላቬንደርና የሻይ ዛፍ (ቲ ትሪ) ዘይት ያለባቸውን ቅባቶች ሲጠቀሙ ጡታቸው አብጦ፣ ሲያቆሙ እንደተመለሰ የሚገልጽ ጽሑፍ በአሜሪካ ታትሞ ነበር፤ ጉዳዩ እስካሁን የሚያከራክር ቢሆንም፣ እኔ ሕፃን ላይ የምሞክርበት ምክንያት አይታየኝም። የ7 ወር ልጅ ሌሊት መንቃቱ የተለመደ ነው።

ጠርሙሱን ደግሞ ቁልፍ ያለው ቦታ ያስቀምጡት። ልጅ ዘይቱን ከጠጣ እንዲያስታውክ አታድርጉት፤ ሲያስታውክ ዘይቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። አይጥ እንድትይዝላችሁ ድመት ያሳደጋችሁም ካላችሁ፣ የድመት ጉበት እንዲህ ያሉ ዘይቶችን አጣርቶ ማስወጣት ስለሚከብደው እርሷ በምትተኛበት ክፍል አትጠቀሙበት።

ከገላን

*ፋብሪካ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ጠዋት ወደ ቤት ስገባ እንቅልፌ ድራሹ ይጠፋል። ሌሊት እንዳላንቀላፋ አንዳንዴ ጫት እቅማለሁ። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖረው። ላቬንደር ይረዳኛል?*

ወንድማችን፣ ከላቬንደሩ በፊት ጫቱን እናንሣ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አንጎልን የሚያነቃቃ ነው፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የጀመሩት ምርቃና ጠዋት አልጋዎ ላይ ሲጋደሙ አብሮዎት ይጋደማል። እርሱ እያለ ዘይት ማሽተት በአንድ እጅ እየገፉ በሌላው እንደመጎተት ነው። ንቃት ካስፈለገዎት በተራው መጀመሪያ ላይ አንድ ስኒ ቡና ይጠጡ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን ይተዉት። ሥራ ከመግባትዎ በፊት አመሻሽ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቢያሸልቡ ደግሞ ከሁለቱም የተሻለ ይሆናል።

ሁለተኛው ጠላትዎ የጠዋት ፀሐይ ናት። ብርሃን በዓይን ገብቶ ሰውነትን ነጋ ስለሚለው፣ ከፋብሪካው ወጥተው ሰርቪሱ ውስጥ እያሉ ጥቁር መነጽርና ኮፍያ ያድርጉ፤ ቤት ሲደርሱም መስኮቱን በወፍራም ጥቁር ጨርቅ ይሸፍኑት። ለጎረቤት ሙዚቃና ለመንገዱ ጩኸት በፋርማሲ የሚሸጥ የጆሮ መድፈኛ አለ። ዘይቱን በተመለከተ ክፍሉ የጋራ ስለሆነ ሽታውን ለሁሉም ማዳረስ አያስፈልግዎትም፤ አንድ ጠብታ በመሐረብዎ ላይ አድርገው ከጎንዎ ያኑሩት። ለአንዱ መልካም የሆነ ሽታ ለሌላው ራስ ምታት ሊሆን ስለሚችል፣ ጓደኞችዎን መጠየቅዎን አይዘንጉ። ያው ሽታ ጠዋትም ማታም ሳይሆን ከመኝታ በፊት ብቻ ይሁን፤ ለተረኛ ሠራተኛ ሰዓቱ በየጊዜው ቢለዋወጥ እንኳ የመኝታው ሥርዓት እንዳይለዋወጥ የሚረዳው እንዲህ ያለ ምልክት ነው። በእኔ አስተያየት ላቬንደር ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ለእንደ እርስዎ ያለው ሰው ነው።

ከቡራዩ

*ለሁለት ዓመት ያህል ዲያዜፓም እየዋጥኩ ነው የምተኛው። ላቬንደር ጀምሬ እንክብሉን ላቁም?*

በራስዎ ውሳኔ አያቁሙት። ይህን ያህል ጊዜ የተወሰደ ዲያዜፓም በድንገት ሲቋረጥ እንቅልፍ ማጣቱ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል፤ መንቀጥቀጥና ከባድ ጭንቀት ሊያስከትል፣ አልፎ አልፎም እንደሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊያመጣ ይችላል። መድኃኒቱ የሚቆመው በሐኪም ክትትል፣ መጠኑ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። ለሐኪምዎ ማቆም እንደሚፈልጉ ይንገሩ፤ ለመጀመሪያዋ ጠያቂያችን የጻፍነውን የመኝታ ሥርዓትም ጎን ለጎን ይጀምሩት። ሽታውን ማሽተት ቢያረጋጋዎ አይከለከልም፤ የመድኃኒቱ ምትክ ግን አይደለም። የሚያንኮራፉና በእንቅልፍ ልብዎ ትንፋሽ እያጠረዎ የሚባንኑ ከሆነ ይህንንም አይደብቁ፤ እንዲህ ላለው ሰው የእንቅልፍ እንክብል ጉዳት ሊያመጣበት ይችላል።

ከሰበታ

*ትንሽ የመዋቢያ ሱቅ አለኝ። ላቬንደር ተብለው የሚመጡልኝ ጠርሙሶች ዋጋቸው በጣም ይለያያል። እውነተኛውን በምን ልለየው? ግቢዬ ውስጥስ ተክሉን ማብቀል ይቻላል?*

የዋጋው ልዩነት ምክንያት አለው። አንድ ኪሎ ዘይት ለማግኘት መቶ ኪሎና ከዚያም በላይ አበባ ይፈጃል፤ ስለዚህ በርካሽ ሽቶ ዋጋ የሚሸጥ ትልቅ ጠርሙስ እውነተኛ የላቬንደር ዘይት ሊሆን አይችልም። በዓለም ላይ በብዛት የሚያመርቱት ቡልጋሪያና ፈረንሳይ ናቸው። ጠርሙሱ ላይ የሚፈልጉት ላቫንዱላ አንጉስቲፎሊያ የሚለውን የተክሉን የሳይንስ ስም ነው። ላቫንዲን የሚባለው ዲቃላ ዝርያ ከአንድ ማሳ ብዙ ዘይት ስለሚሰጥ ርካሽ ነው፤ ሳሙናና የልብስ ማጠቢያ ውስጥ የሚገባው በአብዛኛው እርሱ ነው፤ መጥፎ ዘይት ባይሆንም የካምፈር መጠኑ ከፍ ስለሚል ሽታው እንደ ብርድ ቅባት አፍንጫን ይወጋል፣ ለመኝታም አይመቸኝም። ፍራግራንስ ኦይል የሚል ካዩ ደግሞ ከአበባ ያልወጣ፣ በፋብሪካ የተቀመመ ሽቶ ነው።

ሱቅዎ ውስጥ የሚያደርጉት አንድ ቀላል ፈተና አለ። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ያድርጉና እስከ ማግሥቱ ይተዉት። እውነተኛው ዘይት ተንኖ ስለሚያልቅ ወረቀቱ ላይ ቢበዛ ደብዛዛ ምልክት ብቻ ይቀራል፤ በምግብ ዘይት የተበረዘው ግን ወደ ብርሃን ሲይዙት የሚያሳልፍ፣ እንደ ዳቦ መጠቅለያ ወረቀት ቅባት የያዘ ክብ ይተዋል። ፈተናው መበረዝን እንጂ በፋብሪካ የተሠራ ሊናሎል መጨመሩን አያሳይም፤ ለዚያ ቤተ ሙከራ ያስፈልጋል። ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ የመጣውን አይረከቡ፤ ጥቁር ወይም ቡናማ ብርጭቆ፣ የምርት ቁጥርና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ይኑረው።

ተክሉ ከበሶብላ፣ ከጦስኝ፣ ከዳማ ከሴና ከጥብስ ቅጠል ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ የጥብስ ቅጠል በበቀለበት ግቢ እርሱም ይበቅላል። ፀሐይ ይወዳል፣ ብርድም ይችላል፤ የሚገድለው ሥሩ ላይ የሚተኛ ውኃ ነው። የሰበታ መረሬ አፈር በክረምት ውኃ አቁሮ ስለሚይዝ፣ መደቡን አንድ ጉልበት ያህል ከፍ አድርገው አሸዋና ጠጠር ቀላቅለው ይትከሉት፤ ከዘር ይልቅ በቁራጭ ሲተከል ቶሎ ይይዛል። የቅጠሉ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ የሆነው ዓይነት ለጌጥ እንጂ ለዘይት የሚመረጠው አይደለም። ከግቢ ተክል ዘይት ለማውጣት አይድከሙ፤ አበባው ሊፈነዳ ሲል ይቆረጥና ጥላ ውስጥ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ይደርቅ። ከዚያ በትንሽ የነጠላ ቁራጭ ሰፍተው ትራስ ሥር የሚገባ ከረጢት ቢያደርጉት ሽታው ከዘይቱ የለዘበ ነው፤ ለደንበኞችዎም በተሻለ ዋጋ ይሸጡታል።

የተከፈተ ጠርሙስ አየርና ብርሃን ሲያገኘው ሊናሎሉ ይለወጥና ቆዳን የሚያስቆጣ ነገር ይሆናል፤ በአውሮፓ የመዋቢያ አምራቾች ሊናሎልን በመለያው ላይ እንዲጽፉ የሚገደዱትም ቆዳው የሚቆጣ ሰው አስቀድሞ እንዲያውቀው ነው። ስለዚህ ደንበኞችዎ የከፈቱበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ እንዲጽፉ ይንገሯቸው፤ አቅጥነው ከመቀባታቸው በፊት ክርናቸው መታጠፊያ ላይ ሞክረው አንድ ቀን ይጠብቁ፤ ከተከፈተ ዓመት ያለፈውን ደግሞ ለቆዳ አይጠቀሙበት። ለሙከራ ብለው በሱቁ መስኮት ላይ ክፍቱን የሚያስቀምጡት ጠርሙስ ካለም ከፀሐይ ያንሡት።